ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጦሳ ጭጋጉን ገና አላወለቀም፣
ዶሮው ጮሆ ሰለቸው፣ ፀሐይ ግን ብቅ አላለችም፤
ክሪኩን ከሆዷ ሥር ቀስ ብዬ አስገብቼ፣
ለፊት ጎማዎቿ ድንጋይ አስጠግቼ፣
የአሮጌዋን ዲኤክስ የኋላ እግር አነሣሁ፣
እኔም ጆንያ ዘርግቼ በጀርባዬ ተኛሁ።

ትናንት ፒያሳ ወርጄ ሙሄ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ
"የሞተር ዘይት" ብለው፣ "የቱ?" አለ፣ እየሣቀ በስሜ።
"ሃያ ሃምሳው ወፍራም ነው፣ ለቆላ ነው የሚበጀው፣
በደሴ ውርጭ እንደ ማር ረግቶ ሞተር ነው የሚያስጨንቀው፤
አሥራ አምስት አርባውን ያዝ፣ አንተ ወጪ ወራጅ ሰው፣
ብርድ ላይ ቶሎ ይሮጣል፣ ሙቀትም አያቀጥነው።"
ክዳኑን አገላብጬ ማኅተሙን በጥፍር ነካሁት፤
ድሮ እንዲህ አላደርግም። ያላደረግኩትን ከፈልኩት።

ለፍሬን ሸራው ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን አሰለፈልኝ፣
"ይኸኛው በግማሽ ዋጋ ነው፣ መልኩም ያምራል" አለኝ።
"አውቀዋለሁ" አልኩት፣ "ሐረጎ ነው ያስተዋወቀኝ።"

ያን ለት ጦይባ ከጎኔ፣ ለአራስ እህቷ ስንወርድ፣
ሠላሳ እንቁላል ጭኗ ላይ፣ እንደ ሕፃን ስትከባከብ።
ከሦስተኛው ጥምዝ ወዲያ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፣
ፔዳሉን ብረግጠው ወለል ነካ፤ ምንም አልመለሰልኝ።
ማርሹን ወደ ሁለት፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፣
መንገድ ሠሪዎች ከከመሩት ጠጠር ጎኗን አላተምኩ።

ቆምን።

አንድ እንቁላል አልተረፈም፤ ቀሚሷን አስኳል አለበሰ፣
ከእኛ መሐል ለረጅም ጊዜ አንድም ሰው አልተነፈሰ።
ማታ ቤት ስንገባ፦ "ወይ ሽጠው፣ ወይ አታሳፍረኝ" አለች።
ቃሉን በሁለቱም ፍቺ ሰማሁት። እሷም በሁለቱም ተናገረች።

ዘጠኝ ቀን ሆነ። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ፣
"ለአባትህ ንገረው" ትላለች ለልጁ። እኔም "እሺ በላት" እላለሁ።

አሮጌው ሸራ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ተፈረፈረ፤
ዱቄቱን አልነፋሁትም፣ በርጥብ ጨርቅ ነው የተጠረገው፤
አዲሱ ከታምቡሩ ገባ፣ ስፕሪንጉ ቦታውን ያዘ፣
የፍሬን ዘይቱን ሞላሁ።
አሁን የቀረው አየሩን ማስወጣት፣
እሱ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው፦
አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታል።
ልጁ ቁርአን ቤት ሄዷል። ጎረቤቴ ይመር ገበያ ወርዷል።
ለማንም ባልሆነ ድምፅ "እግር የሚያውሰኝ አጣሁ" አልኩ፣
በሩ ሲጢጥ አለ፤ ነጠላ ጫማዋን በመኪናው ሥር አየሁ።

ተቀመጠች። በሩን ሳትዘጋው።

"ርገጪ።"
ረገጠች።
"ያዢ።"
ያዘች።
ብሎኗን ሩብ ዙር ፈታሁ፤ በቀጭኗ ጎማ፣ ወደ ጠርሙሱ፣
አረፋ ተንፈቀፈቀ። አጠበቅኩ።
"ልቀቂ።"
ለቀቀች።

ከሩቁ ጎማ ነው የሚጀመረው፣ ወደ ቅርቡ ነው የሚመጣው።
አሥራ አንድ ጊዜ ብያታለሁ፤ ከዘጠኙ ቀን ወሬ ይበልጣል።

"ወለል ድረስ ይሄዳል" አለች። ለእኔ። ለልጁ አይደለም።
"አየር አለበት።"
"መቼ ነው የገባው?"
"ቱቦው ሲላላ። ገብቶ አይታይም፤ ስትረግጪው ነው የሚታወቀው።"
ዝም አለች። ቁልፌ ብሎኑ ላይ ቀረ።
አራቱን ዙረን ጨርሰን፣ መጨረሻው ጎማ ላይ፣
"እምቢ አለኝ" አለች፤ እግሯን አነሣች፣ ደግማ ጫነች፦
"አሁን መለሰልኝ።"

ዳዶዎቹን በመስቀል አጠበቅኩ። ጥቁሩን የሞተር ዘይት
ለአጥሩ እንጨት፣ ለምስጥ ብዬ፣ በጀሪካን አስቀመጥኩ።
እጄን በኦሞና በአሸዋ ስፈትግ ሞተሩ ተነሣ፤
ግቢው ውስጥ ሄደች፣ ቆመች። ሄደች፣ ቆመች። ሦስት ጊዜ።
ከዚያ ወንበሩን ወደ መሪው ሳበች።

"ግባ።"
"ወዴት?"
"ኮምቦልቻ። እንቁላሉን አንተ ነህ የምትይዘው።"